ማደንዘዣው ከመሰጠቱ በፊት፦ በአደጋ የተጎዳን ሕመምተኛ በሰመመን ባለሙያ ዓይን ማየት

ክቡራትና ክቡራን፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ውድ ተማሪዎች፤

ዛሬ የምናገረው በአደጋ የተጎዳ ሕመምተኛ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ሲገባ የሰመመን ባለሙያው ምን ማየት፣ ምን መጠርጠርና ምን ማድረግ እንደሚገባው ነው። በዚህ አዳራሽ ከተቀመጣችሁት ብዙዎቻችሁ በጠቅላላና በመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታሎች የምትሠሩ በመሆናችሁ፣ ንግግሬን ያዘጋጀሁት መሣሪያው ሁሉ ለተሟላበት ማዕከል አይደለም። ያዘጋጀሁት አንድ የሰመመን ማሽን፣ አንድ የኦክሲጅን ኮንሰንትሬተር፣ ምናልባትም ሁለት ከረጢት ደም ብቻ ባለበት፣ ሌሊት ተረኛው ባለሙያ አማካሪ በአጠገቡ ሳይኖር ለሚወስንበት ቦታ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ እንደ አቤት ባሉ የአደጋ ሕክምና ማዕከላት የምትሠሩትም ብትሆኑ፣ በሪፈራል የሚደርሳችሁ ሕመምተኛ በመጀመሪያው ሆስፒታል ምን ዓይነት ውሳኔ እንዳለፈበት ማወቁ ይጠቅማችኋል።

መሠረቱን አስቀድሜ ላስቀምጥ። ብዙ ደም የፈሰሰው ሰው በሕይወት የሚቆየው ሰውነቱ እየተከላከለለት ስለሆነ ነው። የሲምፓቴቲክ ነርቮቹ የደም ሥሮቹን ያጠባሉ፤ ልቡን ያፈጥናሉ፤ ከቆዳውና ከአንጀቱ የሚቀንሱትን ደም ወደ አንጎሉና ወደ ልቡ ይልካሉ። እኛ የምንሰጠው ማስተኛ መድኃኒት ይህንን መከላከያ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ያነሣበታል። ጡንቻ የሚያዝለው መድኃኒት የሆዱን ግድግዳ ውጥረት ያላላል፤ በማሽን የምንገፋው አየርም ወደ ልቡ የሚመለሰውን ደም ይቀንሳል። ስለዚህ ከማንኛውም መድኃኒት በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ ይህ ነው፦ ይህ ሰው የደም ግፊቱን የያዘው በቂ ደም ስላለው ነው ወይስ የቀረችውን አቅም እያሟጠጠ ስለሆነ? ቀጥሎ የምናገረው ሁሉ ከዚህ ጥያቄ የሚነሣ ነው።

ጉዳዩ በሙያችን ታሪክ ውስጥ ዋጋ ያስከፈለ ነው። እ.ኤ.አ. በ1941 የጃፓን አውሮፕላኖች ፐርል ሃርበርን በደበደቡ ጊዜ፣ ደም ፈሷቸው ሾክ ውስጥ (ለሰውነት ክፍሎች በቂ ደም በማይደርስበት ሁኔታ) ለነበሩ ቁስለኞች ታዮፔንታል የተባለ ማስተኛ ተሰጥቷቸው ብዙዎች በዚያው ሞቱ ተባለ፤ እ.ኤ.አ. በ1943 የታተመ አንድ ጽሑፍም በደም ሥር የሚሰጥ ሰመመን ለጦርነት ቁስለኛ አይገባም ሲል አጥብቆ ኮነነ። ከአምሳ ዓመታት በኋላ መዛግብቱ እንደገና ሲመረመሩ በመድኃኒቱ ሊሳበብ የሚችለው ሞት ከተወራው በእጅጉ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። እኔ ከዚህ ታሪክ የምወስደው የታዮፔንታልን ክፋት አይደለም። ለጤነኛ ሰው የተሰላ መጠን ደሙ ላለቀ ሰው ሲሰጥ ማንኛውም ማስተኛ ገዳይ ሊሆን ይችላል፤ ሌላው ማስተኛ ስለሆነው ስለ ኬታሚን ስንነጋገር ወደዚህ ነጥብ እመለሳለሁ።

ዛሬ የምንከተለው የምርመራ ቅደም ተከተል የተወለደውም ከአደጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 ጄምስ ስታይነር የተባለ የአጥንት ቀዶ ሐኪም ራሱ ያበረው የነበረ ትንሽ አውሮፕላን በአሜሪካ ኔብራስካ ግዛት ተከስክሶ ባለቤቱ ሞተች፤ እርሱና ልጆቹም ተጎዱ። በአካባቢው ሆስፒታል ያጋጠማቸው አያያዝ እጅግ ስላሳዘነው ከባልደረቦቹ ጋር ሥርዓት ያለው ሥልጠና አዘጋጀ። የመጀመሪያው ሥልጠና በ1978 ተሰጠ፤ በ1980 ደግሞ የአሜሪካ ቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ የራሱ አድርጎ ተቀበለው። የሥርዓቱ ፍሬ ነገር ቀድሞ የሚገድለውን ቀድሞ ማከም ነው። በግልጽ የሚንዠቀዠቅ ደም ካለ ይገታል፤ ከዚያ የአየር መንገድና የአንገት አከርካሪ፣ ቀጥሎ አተነፋፈስ፣ የደም ዝውውር፣ የንቃተ ሕሊና ሁኔታ፣ በመጨረሻም ልብስን አውልቆ መላ ሰውነትን ማየትና ከብርድ መከላከል ይከተላል። ይህን ሁላችሁም ስለምታውቁት አልዘረዝረውም። ማስገንዘብ የምፈልገው ቀዶ ሐኪሙና የሰመመን ባለሙያው በዚህ በአንዱ ቅደም ተከተል ውስጥ የተለያየ ነገር እንደሚፈልጉ ነው። ቀዶ ሐኪሙ «ደሙ ከየት ነው የሚፈሰው? መክፈት አለብኝ ወይ?» ብሎ ይመረምራል፤ እኛ «ባስተኛው ምኑ ይወድቃል?» ብለን እንመረምራለን። ስለዚህ ድንገተኛ ክፍል ያሉት ባልደረቦች መርምረውታል ብለን ምርመራውን መዝለል አንችልም።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። እንበል የ28 ዓመት የጭነት መኪና ረዳት መኪናው ተገልብጦ መጥቷል። የደም ግፊቱ 110 በ85፣ የልብ ምቱ በደቂቃ 130፣ ትንፋሹ 28 ነው። ይናገራል፤ ውኃ ስጡኝ እያለ ይለምናል፤ ይቁነጠነጣል፤ እጆቹ ቀዝቅዘዋል። ካርዱ ላይ «ቫይታል ሳይኑ ደህና ነው» ተብሎ ተጽፏል፤ ምክንያቱም የላይኛው ግፊት ከ100 በላይ ነው። ነገር ግን ቁጥሮቹን አንድ ላይ ስናነብባቸው ሌላ ነገር ይናገራሉ። የልብ ምቱን ለላይኛው የደም ግፊት ስናካፍል 1.2 ገደማ እናገኛለን፤ የሾክ ኢንዴክስ የሚባለው ይህ ስሌት ከ0.9 በላይ ሲሆን ሊያሳስበን ይገባል። በላይኛውና በታችኛው ግፊት መካከል ያለው ልዩነት 25 ብቻ መሆኑ ደግሞ የደም ሥሮቹ አጥብቀው መጨበጣቸውን ያሳያል። የአዋቂ ሰው ደም በኪሎ ግራም ክብደት ወደ 70 ሚሊ ሊትር ነው፤ 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው 5 ሊትር ያህል አለው። ጠንካራ ወጣት ከዚህ 30 በመቶውን፣ ማለትም ሊትር ተኩል ያህል አጥቶ እንኳ የላይኛው ግፊቱ ላይወርድ ይችላል። ለዚህ ወጣት በኪሎ 2 ሚሊ ግራም ፕሮፖፎል የተባለውን ማስተኛ ብንሰጠው ግፊቱ ሊለካ እስከማይችል ድረስ ሊወድቅ፣ ልቡም ሊቆም ይችላል፤ እንዲህ ያለውን ሞት «የሰመመን አለርጂ ነበረበት» ማለት ራስን ማታለል ነው።

ምልክቶቹ የሚሸፈኑባቸው ሁኔታዎችም አሉ። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ አረጋዊ፣ በተለይም የልብን ምት የሚያዘገየውን ዓይነት የሚወስዱ ከሆነ፣ ደማቸው እየፈሰሰም ልባቸው ላይፈጥን ይችላል። ጫት የቃመ ሾፌር ግፊቱም የልብ ምቱም ከፍ ሊል ስለሚችል ፍጥነቱን ሁሉ በጫቱ ማሳበብ ይቀናናል፤ መጠጥ የጠጣም እንደሆነ መደንዘዙን በመጠጡ እናሳብባለን። ሁለቱም ሊሆኑ ይችላሉ፤ ይሁን እንጂ የደም መፍሰስና የጭንቅላት ጉዳት አለመኖራቸው እስኪረጋገጥ ድረስ እንዳሉ አድርጎ ማሰብ ሕይወት ያድናል። የሚቁነጠነጥና ማስኩን የሚጥል ሕመምተኛም አስቸጋሪ ሰው ከመባሉ በፊት ኦክሲጅን ወይም ደም አንሶት እንደሆነ ይታይ። ደሙ የሚደበቅባቸው ቦታዎች ደረት፣ ሆድ፣ ዳሌና በጭን አጥንት ዙሪያ ያለው ሥጋ ናቸው፤ አምስተኛው ሕመምተኛው የወደቀበት መሬትና ያመጣው መኪና ነው፤ እርሱን የምናውቀው ያመጡትን ሰዎች በመጠየቅ ብቻ ነው።

መጠየቅን ካነሣሁ ስለ ሰዓት ልናገር። ሕመምተኛው መቼ እንደተጎዳ ማወቅ ብዙ ውሳኔዎችን ይወስናል፤ የሪፈራል ወረቀቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚነግረን ሆስፒታል የደረሰበትን ሰዓት ነው። ከዚህም የባሰው፣ ቤተሰቡ «ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው» ሲል በእኛ አቆጣጠር መናገሩ ነው፤ ካርዱ ላይ ደግሞ ባለሙያው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ይጽፋል። ያልተብራራ «8 ሰዓት» የስድስት ሰዓት ስህተት ይዞ ሊመጣ ይችላል። የረጋው ደም ቶሎ እንዳይሟሟ የሚያደርገው ትራኔክሳሚክ አሲድ የሚሰጠው ጉዳቱ ከደረሰ በ3 ሰዓት ውስጥ በመሆኑ ይህ ተራ ነገር አይደለም። ስለዚህ «ምሳ ከመብላቱ በፊት ነው በኋላ? ጨልሞ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱ የመጨረሻ ምግቡን ሰዓትም አብሮ ይነግራችኋል። ሆድን በተመለከተ ወሳኙ ከምግቡ እስከ ጉዳቱ ያለው ጊዜ እንጂ ከምግቡ እስከ ቀዶ ሕክምናው ያለው አይደለም። ሕመምና ሾክ ጨጓራን ስለሚያቆሙት ትናንት ማታ በልቶ ወዲያው የተጎዳ ሰው ዛሬ ጠዋትም ሆዱ ሙሉ ነው ብለን እንወስዳለን። አለርጂ፣ የቆየ በሽታ፣ የሚወስደው መድኃኒትና ቀድሞ የተሰጠው ሰመመን በዚያው ትንፋሽ ይጠየቁ፤ ሕመምተኛው ከተኛ በኋላ የሚመልስልን የለም።

አሁን ወደ አየር መንገዱ ልለፍ። በግጭት ወይም በመውደቅ በተጎዳ ሰው ላይ የአንገት አከርካሪው ተጎድቷል ብለን እንነሣለን። ቱቦ በምናስገባበት ጊዜ ግን የአንገት መደገፊያው የፊት ክፍል መከፈት አለበት፤ ካልተከፈተ አፉ በበቂ አይከፈትም። በእርሱ ፈንታ አንድ ረዳት ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ይዞ እንዳይንቀሳቀስ ያደርጋል። ይህ አያያዝ በላሪንጎስኮፕ (በጉሮሮ ማያ መሣሪያ) የምናየውን እይታ ያጠብባል፤ ስለዚህ ቡዢ (ቱቦውን የሚመራው ቀጭን ዘንግ) መጀመሪያውኑ በእጅ ይሁን፤ ሦስት ጊዜ ሞክሮ ካቃተ በኋላ የሚፈለግ ዕቃ አይደለም። ደምና ትውከት የሚመጥጠው ሳክሽን እየሠራ ከትራሱ ሥር ይቀመጥ። የጨጓራ ይዘት ወደ ላይ እንዳይመጣ ጉሮሮን በውጭ መጫን እ.ኤ.አ. በ1961 ሴሊክ የተባለ የሰመመን ሐኪም ካስተዋወቀው ጀምሮ ስንማረው የኖርነው ነው፤ ጥቅሙ አሁን አከራካሪ ነው፤ እይታውን ከከለከለ ወይም አየር ማስገባትን ካስቸገረ ያለ ማመንታት ይለቀቅ። ቱቦው ካልገባ የሚከተለው ምን እንደሆነ፣ ላሪንጂያል ማስክ (ከማንቁርት በላይ የሚቀመጥ የአየር ቱቦ)፣ በመጨረሻም በአንገት ፊት በስለት መክፈት፣ ከመጀመራችን በፊት ለረዳቶቻችን ጮክ ብለን እንንገራቸው። ስለቱ ጠረጴዛ ላይ ካልቀረበ በተፈለገ ጊዜ አይገኝም።

ኦክሲጅንን አስቀድሞ መስጠት በየትም አስፈላጊ ነው፤ በእኛ ደጋ ደግሞ ይበልጥ ያስፈልጋል፤ ይህን መጻሕፍቱ ብዙ አያነሡትም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ ደብረ ብርሃን ከዚህም ይበልጣል። የአየር ግፊቱ በባሕር ወለል 760 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ሲሆን አዲስ አበባ ላይ ወደ 580 ይወርዳል። ስለዚህ ንጹሕ ኦክሲጅን የተሞላ ሳንባ እንኳ የሚያከማቸው ኦክሲጅን በባሕር ወለል ከሚያከማቸው በሩብ ያህል ያንሳል። ትንፋሹ ከቆመ በኋላ ያለን ጊዜ በዚያው ልክ ያጥራል ማለት ነው። ሳንባው የተቀጠቀጠ ወይም ነፍሰ ጡር የሆነች ሕመምተኛ ስትሆን የበለጠ ያጥራል። ማስኩን አጥብቆ ይዞ ሦስት ደቂቃ ማቆየት፣ አከርካሪው ሳይታጠፍ ጠረጴዛውን ከራስ በኩል ከፍ ማድረግ፣ ሙከራው በሚካሄድበት ጊዜም በአፍንጫ ኦክሲጅን ማስቀጠል ጥቂት ጊዜ ይገዙልናል። ሕመምተኛው ማስኩን የማያስይዝ ከሆነ ትንሽ ኬታሚን በጥንቃቄ ሰጥቶ እየተነፈሰ ኦክሲጅን መሙላት ይቻላል።

ከዚያ የማስተኛው ጊዜ ይመጣል። በኢትዮጵያ ኬታሚንን የማያውቅ የሰመመን ባለሙያ የለም። እ.ኤ.አ. በ1962 ተሠርቶ በ1970 በአሜሪካ ፈቃድ ካገኘ ጀምሮ ለአደጋ ሕመምተኛ የመጀመሪያ ምርጫ ሆኖ የቆየውም በምክንያት ነው፤ የሲምፓቴቲክ ነርቮችን በማነቃቃት ግፊትን ይደግፋል፤ ትንፋሽንም ብዙ አያፍንም። «ኬታሚን የደም ግፊት አይጥልም» የሚለው አባባል ግን አደገኛ ነው። መድኃኒቱ በራሱ የልብን ጡንቻ ያደክማል፤ ግፊቱን የሚደግፈው ሕመምተኛው ገና ያልተጠቀመበት አቅም ሲኖረው ነው። ለሰዓታት ደሙ ሲፈስ ቆይቶ አድሬናሊኑን የጨረሰ ሰው በኬታሚንም ይወድቃል። ስለዚህ በተለመደው ከ1 እስከ 2 ሚሊ ግራም በኪሎ ፈንታ በሾክ ጊዜ 0.5 እስከ 1 እንሰጣለን፤ በጣም ለደከመው ከዚያም ያነሰ። የጡንቻ ማዝለፍለፊያው በተቃራኒው ነው፤ ዝውውሩ ደካማ ሲሆን መድኃኒቱ ዘግይቶ ስለሚደርስ ሳክሳሜቶኒየም ቢያንስ 1.5፣ ሮኩሮኒየም ደግሞ 1.2 ሚሊ ግራም በኪሎ ተሰጥቶ ትንሽ ረዘም ያለ ጊዜ ይጠበቃል። የማስተኛውን መጠን ቀንሶ የማዝለፍለፊያውን አለመቀነስ፣ ይህን ተማሪዎች ጻፉልኝ። ግፊቱ ሲመለስ ደግሞ ጡንቻው ዝሎ አእምሮው ነቅቶ እንዳይቀር ማስተኛውን በትንሽ በትንሹ መጨመር አይረሳ።

ለሆድ ውስጥ መድማት የምመክረው ሌላም ነገር አለ። ደም የሞላው ሆድ ራሱ ደሙን በመጠኑ ይጫናል፤ ጡንቻው ሲላላና ሆዱ ሲከፈት ያ ግፊት ይጠፋል። እንዲህ ባለ ሕመምተኛ ላይ ቀዶ ሐኪሙ ታጥቦና ጓንት አድርጎ፣ ሆዱ ተቀብቶ፣ ጨርቁ ተዘርግቶ፣ የሚሰጠው ደም ከተሰቀለ በኋላ ማስተኛት ተገቢ ነው። ሁለት ሰፋፊ ካኑላ (በደም ሥር የሚገባ ቱቦ)፣ ቢቻል 14 ወይም 16 ቁጥር፣ ከዚህ በፊት መግባት አለበት፤ ዳሌው ወይም ሆዱ ከተጎዳ ደግሞ እግር ላይ ሳይሆን ክንድ ላይ።

ቱቦው ከገባ በኋላ ግፊቱ ቢወድቅስ? መጀመሪያ የማስበው ደም ማነሱን ቢሆንም ሁለት ነገሮች ሳይታዩ አይታለፉም። አንዱ የእኛው እጅ ነው፤ በድንጋጤ አምቡ ባጉን (በእጅ የሚጫነውን የአየር ከረጢት) በደቂቃ ሠላሳ ጊዜ የሚጫን ረዳት ወደ ልብ የሚመለሰውን ደም ያግዳል፤ በኪሎ ከ6 እስከ 8 ሚሊ ሊትር ቀስ ብሎ መስጠት ይበቃል። ሁለተኛው በደረት ውስጥ በግፊት የተጠራቀመ አየር ነው። የጎድን አጥንቱ ተሰብሮ ትንሽ አየር የነበረበት ሰው በራሱ ሲተነፍስ ደህና መስሎ ይቆይና በማሽን መተንፈስ ሲጀምር በደቂቃዎች ውስጥ ይጨናነቃል። አንድ ወገን አየር አይሰማም፤ የማሽኑ ግፊት ይጨምራል፤ ኦክሲጅኑ ይወርዳል። ይህን ለማረጋገጥ ኤክስሬይ የሚጠብቅ ሰው ዘግይቷል። በአዋቂ ሰው በአምስተኛው የጎድን አጥንት ክፍተት፣ ከብብት መሐል መስመር ትንሽ ወደ ፊት በመርፌ ወይም በጣት ተከፍቶ ቼስት ቲዩብ (አየሩንና ደሙን ከደረት የሚያስወጣ ቱቦ) ይከተላል። የጎድን አጥንት ስብራት ላለበትና ረዥም ቀዶ ሕክምና ወይም ረዥም የአምቡላንስ ጉዞ ለሚጠብቀው ሰው ቼስት ቲዩቡን አስቀድሞ ማስገባት ከቀዶ ሐኪሙ ጋር መነጋገር የሚገባው ጉዳይ ነው። በትንፋሽ ከሚሰጡት ሰመመኖች ሃሎቴን ብቻ ባለበት ቦታ ደግሞ መጠኑን የሚወስነውን ቫፖራይዘር በልማድ ሁለት ላይ ማድረግ ለዚህ ሕመምተኛ ከባድ ነው፤ ከዝቅተኛው ተነሡ።

ስለ ደምና ፈሳሽ። ብዙ ኖርማል ሳላይን (የጨው ፈሳሽ) ማፍሰስ በደም ውስጥ ያሉትን ደም የሚያረጉ ነገሮች ያቀጥናል፤ አሲዳማነትን ይጨምራል፤ ቀዝቃዛም ከሆነ ሙቀትን ይወስዳል። እ.ኤ.አ. በ1994 በሂዩስተን 598 በስለትና በጥይት ግንዳቸው ላይ የተጎዱ ሰዎች የተካተቱበት ጥናት ታትሟል፤ ፈሳሹ እስከ ቀዶ ሕክምና ድረስ ከዘገየላቸው 70 በመቶው፣ ወዲያው ከተሰጣቸው ደግሞ 62 በመቶው በሕይወት ወጡ። ደሙ እስኪቋጠር የላይኛውን ግፊት ከ80 እስከ 90 ላይ ማቆየት የሚለው አሠራር ድጋፍ ያገኘው ከእንዲህ ያለ ውጤት ነው። ነገር ግን ያ ጥናት ሆስፒታሉ ቅርብ በሆነበት ከተማ የተሠራ ነው። በባሌ ወይም በዋግ መንገድ ላይ ብዙ ሰዓት ተጉዞ ለመጣ፣ በመኪና ግጭት ለተጎዳ ሰው እንደወረደ ልንጠቀምበት አንችልም ባይ ነኝ፤ ዝቅተኛ ግፊት የሚፈቀደው ደሙን ለማስቆም እየሄድን ሳለ ለአጭር ጊዜ ብቻ ነው።

የሚያስፈልገው ደም ነው። ብዙ ሆስፒታሎቻችን ያላቸው ሙሉ ደም መሆኑ በዚህ ረገድ ጉድለት አይደለም፤ ቀይ ሴሉንም ፕላዝማውንም በአንድነት ይዟል። ደም ባንክ የሚደወለው ግፊቱ ሲወድቅ ሳይሆን ከላይ እንዳልኩት ቁጥሮቹ ሲናገሩ ነው፤ ክሮስማች (የሰጪውና የተቀባዩ ደም መስማማቱን መመርመር) ጊዜ ይወስዳልና። ክሮስማች ለመጠበቅ ጊዜ ከሌለ ኦ ደም ይሰጣል፤ ለወንዶችና ልጅ የመውለጃ ዕድሜ ላለፉ ሴቶች ኦ ፖዘቲቭ ይበቃል፤ ያለችውን ጥቂት ኦ ኔጌቲቭ ገና ሊወልዱ ለሚችሉ ሴቶችና ለሴት ልጆች እንቆጥባለን። ትራኔክሳሚክ አሲድ ርካሽ ነው፤ ማስረጃውም ጠንካራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በ40 አገሮች ከ20,000 በላይ ሕመምተኞች የተሳተፉበት ክራሽ 2 ጥናት ሞትን ከ16 ወደ 14.5 በመቶ እንደቀነሰ አሳየ። 1 ግራም በ10 ደቂቃ፣ ቀጥሎ 1 ግራም በ8 ሰዓት ይሰጣል። በመጀመሪያው ሰዓት ሲሰጥ ጥቅሙ የላቀ ነው፤ ከ3 ሰዓት በኋላ ሲጀመር ግን በደም መፍሰስ የሚሞቱትን ጨምሯል። ደሙ በከረጢት እንዳይረጋ የሚጨመረውና ከብዙ ደም ጋር የሚገባው ሲትሬት ካልሲየምን ስለሚያስር ካልሲየም ግሉኮኔት በጊዜው ይሰጥ። ሙቀትም እንዲሁ ሕክምና ነው። በደጋ ከተሞቻችን ሌሊት የቀዶ ሕክምና ክፍሉ ይበርዳል፤ ሕመምተኛው እርጥብ ልብሱን ለብሶ መጥቷል፤ የምንሰጠው ደም ከማቀዝቀዣ የወጣ ነው። ክፍሉን ማሞቅ፣ ጭንቅላቱንና እግሩን መሸፈን፣ ፈሳሹን ሞቅ ባለ ውኃ ማሞቅ የማይቻልበት ሆስፒታል የለም። ብርድ፣ አሲዳማነትና የደም አለመርጋት እርስ በርሳቸው እየተመጋገቡ ሕመምተኛውን ይገድሉታል፤ የተሳካ ስፌት እንኳ አያድነውም።

የጉዳት መቆጣጠሪያ ቀዶ ሕክምና የሚባለው አሠራር የመጣው ከዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 በፊላደልፊያ ሮቶንዶ የተባለ ቀዶ ሐኪምና ባልደረቦቹ ሆድን በጨርቅ ጠቅጥቆ፣ መድማቱን ብቻ አቁሞ መውጣትንና ሕመምተኛው ሲሞቅና ሲያገግም መመለስን ገለጹ። ትልቅ የደም ሥርና ሁለት ወይም ከዚያ በላይ የሆድ ዕቃዎች ከተጎዱባቸው መካከል በዚህ መንገድ ከታከሙት 13 ሰዎች 10ሩ ሲድኑ፣ ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ከተጠገነላቸው 9 ሰዎች የዳነው 1 ብቻ ነበር። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ልዩነቱ ግን ዓይን ይገልጣል። መቼ ማቆም እንዳለበት ለቀዶ ሐኪሙ የሚነግረው ሞኒተሩን የሚያየው ሰው ነው። በባህላችን ሐኪሙ ሥራ ላይ እያለ መናገር እንደ ድፍረት ሊታይ ይችል ይሆናል፤ ሆኖም «ዶክተር፣ ሙቀቱ 34 ደርሷል፤ አራተኛውን ደም እየሰጠሁ ነው፤ ከቁስሉ የሚወጣው ደም አይረጋም፤ ጠቅጥቀው ቢወጡ ይሻላል» ብሎ በአክብሮትና በቁጥር መናገር ከሥራችን ዋናው ክፍል ነው።

የጭንቅላት ጉዳት ካለ ከላይ ያልኩት ዝቅተኛ ግፊት አይሠራም። የተጎዳ አንጎል አንድ ጊዜ እንኳ ግፊቱ ከወረደበት ወይም ኦክሲጅኑ ካነሰው ሁለተኛ ጉዳት ይደርስበታል፤ እንደ ዕድሜው የላይኛው ግፊት ቢያንስ 100 ወይም 110 ሆኖ ይጠበቅ። በንቃተ ሕሊና መለኪያው በግላስጎው ኮማ ስኬል 8 እና ከዚያ በታች የሆነ ሰው አየር መንገዱ ሊጠበቅለት ይገባል፤ ነገር ግን ከማስተኛታችሁ በፊት ነጥቡን፣ ብሌኖቹንና አራቱንም እግርና እጅ ማንቀሳቀሱን መዝግቡ፤ ከተኛ በኋላ የነርቭ ምርመራው ጠፍቷል። ኬታሚን የጭንቅላትን ግፊት ይጨምራል ተብሎ ለዓመታት ተከልክሎ ነበር፤ ትንፋሹ በደንብ ከተያዘ ይህ ስጋት እንደማይጸና አሁን ይታወቃል፤ የደም ግፊት መውደቁ ይልቅ ይጎዳል። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ከ35 እስከ 40 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ይያዝ፤ አፍጥኖ ማስተንፈስ አንጎሉ በእብጠት ተገፍቶ ወደ ታች ሊወርድ ሲል ብቻ፣ ለአጭር ጊዜ የሚደረግ ነው።

ለእግር ስብራት ስፓይናል (በጀርባ አከርካሪ በኩል ተሰጥቶ የታችኛውን ክፍል የሚያደነዝዝ) መስጠት ለእኛ ቀላሉ መንገድ ነው፤ ርካሽም ነው። የጭን አጥንት ስብራት ግን ከአንድ ሊትር በላይ ደም በሥጋው ውስጥ ሊደብቅ ይችላል። በዚህ ሰው ላይ ስፓይናል ስንሰጥ የታችኛውን ክፍል የደም ሥሮች በአንድ ጊዜ እንከፍታቸዋለን። ያልተሞላን ሕመምተኛ ስፓይናል አድርጎ ከዚያ በኋላ ፈሳሽ ለመስጠት መሮጥ ተገላቢጦሽ ነው፤ በሾክ ላለ ሰው አይሰጥም። በዳሌ አጠገብ የሚሰጥ የነርቭ ማደንዘዣ ለጭን አጥንት ሕመም ጥሩ ነው፤ የታችኛው እግር ክፉኛ ከተጨፈለቀ ግን የጡንቻ መታነቅ (በእብጠት ምክንያት ደም ማጣት) ሕመምን እንዳይሸፍንብን ከአጥንት ሐኪሙ ጋር ሳንስማማ ሙሉ በሙሉ አናደንዝዝ።

ልዩ ሕመምተኞችን በአጭሩ ላንሣ። ሕፃን ግፊቱ የሚወርደው ሊሞት ሲል ነው፤ የልብ ምቱንና የቆዳውን ቅዝቃዜ እዩ። እርግዝናዋ ለገፋ እናት ማሕፀኑን ወደ ግራ አዘንብሉ። ሰፊ ቃጠሎ ወይም የተጨፈለቀ ጡንቻ ላለበት ሰው ከመጀመሪያው ቀን በኋላ ሳክሳሜቶኒየም አይሰጥ፤ ፖታሲየሙ ልብን ሊያቆም ይችላል።

ቀዶ ሕክምናው ሲያልቅ ቱቦውን ማውጣት ሁልጊዜ የድል ምልክት አይደለም። የበረደው፣ ደሙ የማይረጋ፣ ፊቱ ያበጠ ወይም ዳግመኛ የሚከፈት ሕመምተኛ ቱቦው እንዳለ ይቆይ፤ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ከሌለ የት እንደሚቆይና ማን እንደሚያየው ቀዶ ሕክምናው ሳያልቅ ይወሰን። በርክክብ ጊዜ የተጎዳበት ሰዓት፣ የተሰጠው ደምና ትራኔክሳሚክ አሲድ፣ የመጨረሻው ሙቀት፣ በሆዱ ውስጥ የቀረው ጨርቅ ብዛት በቃልም በጽሑፍም ይተላለፉ። በማግሥቱ ደግሞ ሕመምተኛውን ሄዳችሁ እዩት፤ በመጀመሪያው ሌሊት ለነፍሱ ስንሯሯጥ ያልታየ የጣት ስብራት፣ የትከሻ መውለቅ ወይም የአንገት ሕመም የሚገኘው በዚህ ጊዜ ነው። አንገቱ ደህና መሆኑ ገና ያልተረጋገጠ ከሆነም መደገፊያው በስህተት እንዳይወልቅ በካርዱ የመጀመሪያ ገጽ ላይ በጉልህ ይጻፍ፤ ለሚቀጥለው ተረኛም በስም ይነገረው።